ዓባይን የሚሻገር ከላይ ይገባል

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ከማያሚ ወደ ባሃማሷ ደሴት ወደ ቢሚኒ በሸራ ጀልባ ስለ መሻገር የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው ባሕር እንደሚወድ ያስታውቃል፤ ስለዚህ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ባሕር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ የለንም። ነገር ግን «ቢሚኒ ከማያሚ 80 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ በፈጣኑ መንገድ ከአዲስ አበባ አዳማ ከመሄድ ያንሳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ እሑድ ማታ ቤት መግባት ይቻላል» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጋዜጣው በወጣ በአምስተኛው ቀን የጎረቤቴ ልጅ ያንኑ ገጽ ይዞ ቤቴ መጣ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር የአንዱን አባት ባለ 30 ጫማ የሸራ ጀልባ ተውሰው፣ በግንቦት መጨረሻ ባለው የሦስት ቀን በዓል ሊሄዱ ወስነዋል። ቀኑ ተቆርጧል፤ የሥራ ፈቃድ ተጠይቋል፤ ቢሚኒ ላይም ማረፊያ ተይዟል። ከአምስቱ ሁለቱ ዋና አይችሉም።

ማን እንደሆንሁ ልናገር። የተወለድሁት ጎጃም፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ነው። በ1970ዎቹ ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግያለሁ። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ 27 ዓመት በደቡብ ፍሎሪዳ ጀልባ በመጠገን እንጀራዬን በልቻለሁ። ያንን ባሕር ከ20 ጊዜ በላይ ተሻግሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳልሻገረው ቀርቻለሁ።

80 ኪሎ ሜትሩ ልክ ነው። በባሕር ማይል 44 ገደማ ይሆናል። ስሕተቱ ርቀቱን እንደ መንገድ መቁጠሩ ላይ ነው። አስፋልት ባለበት ይቆያል፤ በፍሎሪዳና በባሃማስ መካከል ያለው ውኃ ግን ይሄዳል። ገልፍ ስትሪም ይባላል፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። መካከሉ ላይ በሰዓት ሦስት፣ አንዳንዴም አራት የባሕር ማይል ይጓዛል። በየሴኮንዱ የሚያልፈው ውኃ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለእኔም አልጨበጥ ብሎኝ ስለነበር በዓባይ ለካሁት። ዓባይ ከአገራችን በዓመት ይዞ የሚወጣው 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው ይባላል። ያንን የዓመት ውኃ ገልፍ ስትሪም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያሳልፈዋል። ልጆቹ በተዋሱት ጀልባ ሊሻገሩ ያሰቡት እንዲህ ያለውን ወንዝ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ በበጋ ከብት ሊሸጥ ዓባይን ሲሻገር አብሬው ወርጄ አውቃለሁ። ዋናተኞቹ በተነፋ ስልቻ ላይ ተደግፈው ሲሻገሩ፣ ማዶ ሊወጡበት ካሰቡት ቦታ ፊት ለፊት ማንም አይገባም ነበር። ሽቅብ ብዙ ርምጃ ሄደው ነው የሚገቡት። ውኃው እያወረዳቸው፣ እነርሱ ወደ ማዶ ብቻ እየቀዘፉ፣ ልክ ካሰቡት ቦታ ይወጣሉ። ከውኃው ጋር የሚታገል አልነበረም። አባቴም ሁልጊዜ መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ውኃውን ያያል። ከላይ ዝናብ የጣለ ከመሰለው ከብቶቹን እዚያው አሳድሮ በማግሥቱ ይመለከታል፤ ገበያው ያልፋል እንጂ አይገባም። ገልፍ ስትሪምን ስለ መሻገር ከዚያ ወዲህ የተማርሁት ሁሉ የዚሁ ዝርዝር ነው።

ወደ ስሌቱ ልግባ፤ ጽሑፋችሁ የዘለለው እሱን ነው። የልጆቹ ጀልባ በደኅና ነፋስ ወይም በሞተር በሰዓት አምስት የባሕር ማይል ትሄዳለች እንበል። ጅረቱ ከዳር እስከ ዳር በአማካይ ሁለት ተኩል ቢሆን፣ አፍንጫዋን በኮምፓስ ቀጥታ ወደ ቢሚኒ አድርገው ቢነሡ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውኃው 22 የባሕር ማይል ወደ ሰሜን ይወስዳቸዋል። ቢሚኒን አያዩአትም።

«ጂፒኤስ አለን» አለኝ ልጁ። ጂፒኤስ ጥሩ ነገር ነው፤ በእኔ ጊዜ ቢኖር ኖሮ ስንት ሌሊት በሰላም በተኛሁ። ግን ቀስቱ የሚያሳየው መድረሻው ያለበትን አቅጣጫ እንጂ ውኃው የት እንደሚወስድህ አይደለም። ቀስቱን ብቻ የተከተለ ሰው ጠዋት ሳያውቀው ወደ ሰሜን ይሸሻል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ደክሞ ነዳጅ ባነሰበት ሰዓት፣ ጅረቱን ፊት ለፊት እየታገለ ወደ ደቡብ መመለስ አለበት። አምስት ማይል የምትሄድ ጀልባ ሦስት ማይል ከሚሄድ ውኃ ጋር ስትታገል በሰዓት የምትቀድመው ሁለት ማይል ነው፤ ሰው በእግሩ ይበልጣታል።

ትክክለኛው አስቀድሞ ማስላት ነው። ከማያሚ ለተነሣ በዚህ ፍጥነት አፍንጫውን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ያንን አቅጣጫ ሳይለውጥ መጓዝ አለበት፤ አሥር ሰዓት ይፈጅበታል። በመሃል ጂፒኤሱ ከመስመር ወጥተሃል ብሎ ቢጮህ መደንገጥ አያስፈልግም፤ መካከሉ ላይ ጅረቱ ስለሚበረታ ጀልባዋ ትንሽ ወጣ ብላ መመለሷ የታሰበ ነው። ለሸራ ጀልባ ግን ሌላ ችግር አለ። በዚያ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሩ ስንላቸው ነፋሱ አፍንጫቸው ላይ ነው ማለት ነው፤ ሸራ ደግሞ ነፋስን ፊት ለፊት አይወጣም።

ስለዚህ እንደ አባቴ፣ ከላይ መግባት ነው። ከማያሚ በስተደቡብ በኪ ላርጎ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ኤንጀልፊሽ ክሪክ የሚባል መውጫ አለ። ከዚያ እስከ ቢሚኒ 56 የባሕር ማይል ስለሆነ በካርታ ላይ ይርቃል። ነገር ግን ከዚያ ወጥቶ አፍንጫውን ቀጥታ ወደ ምሥራቅ ያደረገ ሰው፣ በዚያው አሥር ሰዓት ውስጥ ውኃው ራሱ 25 ማይል ወደ ሰሜን አንሥቶ ቢሚኒ አፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ርቀቱ በ12 ማይል ጨምሮ ሰዓቱ እኩል ነው። ይህን በወረቀት ስሥልለት ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «እንደገና አሳየኝ ጋሼ» አለኝ። መውጫው ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ የውኃውን መሙላትና መጉደል ማየት ያስፈልጋል። እሱ ካልሆነላቸው ቢያንስ ማያሚ አጠገብ ባለችው በኪ ቢስኬን ደሴት ጫፍ፣ ኬፕ ፍሎሪዳ መብራት ቤቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ ወደብ መልሕቅ ጥለው አድረው ይነሡ። ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው።

ይህ ሁሉ የአቅጣጫ ጉዳይ ነው፤ ተሳስቶ ሩቅ ቦታ መድረስ ያናድዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። የሚገድለው የሰሜን ነፋስ ነው። ውኃው ወደ ሰሜን ሲሄድ ነፋሱ ከሰሜን ከመጣበት፣ ማዕበሉ ተጨምቆ ያጥራል፣ ይቆማል። በረጅሙ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማዕበል ይቀርና እንደ ግድግዳ የቆመ ውኃ በየአራት በየአምስት ሴኮንዱ ይመጣል። ለዚህ ዐውሎ ነፋስ አያስፈልግም፤ 15 ኖት፣ ማለት በሰዓት 15 የባሕር ማይል የሚነፍስ የሰሜን ነፋስ ይበቃል። ስለዚህ በደቡብ ፍሎሪዳ የቆየ ባሕረኛ ሁሉ የሚይዘው አንድ ደንብ አለ፦ በትንበያው የነፋስ አቅጣጫ ውስጥ «ሰሜን» የሚል ቃል ካለ፣ ሰሜን ምሥራቅም ይሁን ሰሜን ምዕራብ፣ ከወደብ አይወጣም።

ሳልሻገር የቀረሁበት ቀን ይህ ደንብ የተጣሰበት ቀን ነው። መጋቢት ውስጥ ነበር። የጀልባው ባለቤት ደግ ሰው ነበር፤ እንግዳው ግን ከባሃማስ የሚበርበት የአውሮፕላን ቲኬት ተቆርጦ ነበር። ቀዝቃዛው አየር ማታ ይደርሳል ተብሎ ስለ ተነገረ፣ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባለን ብለን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣን። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ለስላሳ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ወደ ምዕራብ ዞረ። ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ በረታ። ቅዝቃዜው ከደመናው ቀድሞ መጣ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባሕሩ ሌላ ባሕር ሆነ። ጀልባዋ አንዱን ግድግዳ ወጥታ ስትወድቅ፣ ሁለተኛው አፍንጫዋን ሳታነሣ ይደርስባታል። እንግዳው ከታች ክፍል ሊወጣ ሲል ተወርውሮ የእጅ አንጓው ተሰበረ። እኔ መሪው ጋ በገመድ ታስሬ ነበር፤ ባልታሰር ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም፤ ውኃው ሁለት ጊዜ ከእግሬ አንሥቶኛል። ወደ ኋላ ዞርን። ማያሚን እየፈለግን ጅረቱ አንሥቶ 20 ማይል ወደ ሰሜን ወሰደን፤ ፎርት ላውደርዴል፣ ትልልቆቹ መርከቦች በሚገቡበት በፖርት ኤቨርግሌድስ ገባን። አውሮፕላኑም አመለጠ፤ ማንም ስለ አውሮፕላኑ አላነሣም።

ያን ቀን ሁላችንም ባሕሩን እናውቅ ነበር። ያሳሳተን ቲኬቱ ነው። እነዚህን ልጆች የሚያሰጋቸውም ከጀልባዋም ከጅረቱም ይልቅ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ መግባታቸው ነው። በተለይ የመመለሻው ቀን። ለመሄድ ጥሩ ቀን ያገኘ ሰው ለመመለስ ሌላ ጥሩ ቀን ማግኘት አለበት፤ ሁለቱ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አይገጥሙም ይሆናል። ቢሚኒ ላይ አራት ቀን መቀመጥ ቢመጣ ለአለቃ ደውሎ መናገር ነው።

ባሕረኛ ያለውን አለመስማት በዚህ ጅረት ላይ የቆየ ታሪክ አለው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የፖስታ ኃላፊ ሳለ፣ የእንግሊዝ ፖስታ መርከቦች ወደ አሜሪካ ሲመጡ ከነጋዴ መርከቦች ለምን እንደሚዘገዩ ይጠይቅ ነበር። መልሱን ያገኘው ከዘመዱ፣ ከናንታኬቱ የመርከብ አዛዥ ከቲሞቲ ፎልጀር ነው፤ ዓሣ ነባሪ አዳኞቹ ጅረቱን ያውቁት ነበር፤ ለፖስታ መርከቦቹም ነግረዋቸው አልሰሟቸውም። ሁለቱ በ1760ዎቹ መጨረሻ ጅረቱን በካርታ ላይ አሠፈሩት።

የቀረውን ባጭሩ ልጻፍ። በራዲዮ በሚነገረው የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ትንበያ ላይ የጅረቱ ምዕራባዊ ጠርዝ ከባሕር ዳርቻው ስንት ማይል ላይ እንዳለ ይነገራል፤ ይሰማ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሣ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል፤ ያ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ቢሚኒ ጋ ባሕሩ ከብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት በድንገት ወደ ጥቂት ሜትር ስለሚያንስ፣ አሸዋና ድንጋዩን በውኃው ቀለም ለመለየት ፀሐይ ከፍ ማለት አለባት። በጨለማ የደረሰ ውጭ ይጠብቅ እንጂ አይግባ። በጀልባዋ ራዲዮ የአደጋ ጥሪ የሚሰማበት ቻናል 16 ክፍት ይሁን። በስም የተመዘገበ ኢፐርብ፣ ማለት በአደጋ ጊዜ ያሉበትን ቦታ በሳተላይት ለነፍስ አድን ሠራተኞች የሚያስታውቅ መሣሪያ ይኑር። ላይፍ ጃኬት ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ሰው ላይ ይሁን፤ ሌሊት መሪ የያዘ ሰው ይታሰር። ወደ ሰሜን የሚሄዱ ትልልቅ መርከቦች ጅረቱን ለመጋለብ መካከሉን ይይዛሉ፤ ወደ ደቡብ የሚሄዱት ከጅረቱ ለመሸሽ ወደ ፍሎሪዳ ዳርቻ ይጠጋሉ፤ ሁለቱንም የምታቋርጠው ትንሿ ጀልባ ናትና ዓይን ከአድማስ አይነሣ። መቼ ተነሥተው መቼ እንደሚደርሱ፣ ስንት ሰዓት ካለፈ ለኮስት ጋርድ (ለአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ) እንደሚደወል የተጻፈ ወረቀት የብስ ላይ ለሚቀር ሰው ይሰጥ።

ለልጆቹ ያ ወረቀት የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። ቀኑን ሰርዘውታል፤ ማረፊያውንም መልሰዋል። አሁን በየማታው ትንበያውን አይተው ይደውሉልኛል። ሁለቱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና እየተማሩ ነው። እርስዎን የምለምነው፣ ያ ጽሑፍ በታተመበት ገጽ ላይ ይህም እንዲወጣልኝ ነው፤ ያንን ገጽ ቆርጦ ያስቀመጠ ሌላ ልጅ ይኖራልና።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ
ከደቡብ ፍሎሪዳ