ለልጄ፦ ጊታርህ አልተበላሸም

ውድ ልጄ፣

የላክህልኝን ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት። አጨዋወትህ በጣም ተሻሽሏል፤ ቀኝ እጅህ ረግቷል። ግን ልክ ነህ፣ ድምፁ ጤነኛ አይደለም። ክሩን ጠንከር አድርገህ ስትመታ ይሰነጠቃል፣ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ደግሞ ንጹህ ይሆናል። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጊታሩን ለመለወጥ ያሰብከውን ለጊዜው ተወው። ችግሩ ያለው ከአምፑ (ከጊታሩ ድምፅ ማጉያ) እስከምትቀዳበት ኮምፒውተር ባለው መንገድ ላይ ይመስለኛል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ኬብሉን አምፑ ላይ የሰካኸው የትኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው? «ስፒከር» የሚል ከተጻፈበት አምፑን አጥፋና አሁኑኑ ንቀለው። ከዚያ የሚወጣው ኃይል የተሠራው የስፒከር ወረቀት ለመግፋት ነው። 50 ዋት አምፕ 8 ኦም ስፒከር ላይ ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ወደ 20 ቮልት ይደርሳል። የኮምፒውተር የማይክ መግቢያ የሚጠብቀው ደግሞ የቮልት ሺኛ ክፋይ የሆኑ ጥቃቅን ምልክቶችን ነው። ድምፁ መሰንጠቁ ይቅርና የኮምፒውተሩ ድምፅ መቀበያ ክፍል፣ ሳውንድ ካርዱ፣ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። አምፑ የቱቦ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ፦ ስፒከሩ ተነቅሎ ሲሠራ ውስጡ ያለው የመውጫ ትራንስፎርመር ሊበላሽ ይችላል። እሱን ማስጠገን ቀላል ወጪ አይደለም።

ትክክለኛው ቀዳዳ ለመቅጃ የተዘጋጀው፣ «ላይን አውት» ወይም «ዲ አይ» የሚለው ነው። ሁለቱም ከሌሉ የሄድፎኑ መውጫ ይሠራል፤ ግን ቮሊየሙን ከዜሮ ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ላፕቶፕህ ላይ ያለው ቀዳዳ የማይክ ከሆነ ከላይን አውት የሚመጣው ምልክት እንኳ ሊበዛበት ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ «ማይክ ቡስት» የሚባል ነገር አለ። 20 ዴሲቤል ላይ ተደርጎ ከሆነ የገባውን ቮልቴጅ 10 እጥፍ ያደርገዋል። ዜሮ አድርገው። እዚያው አካባቢ ጫጫታ የሚቀንሱና ድምፅን በራሳቸው የሚያስተካክሉ ማሻሻያዎች አሉ፤ ሁሉንም አጥፋቸው። የተሠሩት ለሰው ንግግር ስለሆነ የጊታርን ረጅም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይበሉታል። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ የውጭ መሣሪያ) የምትጠቀም ከሆነ ግን መግቢያውን «ላይን» ላይ አድርገው። «ኢንስትሩመንት» የሚለው ጊታሩ ያለ አምፕ በቀጥታ ሲሰካ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድምፁ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚነካው የሶፍትዌሩ ቮሊየም ነው። እሱ አይረዳህም። ምልክቱ በሆነ ቦታ ከልኩ ሲያልፍ ጫፉ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ብትቀንሰው የምታገኘው ያው የተቆረጠው ድምፅ ነው፣ ዝግ ብሎ። ስለዚህ መቀነስ ያለብህ ከመቆረጡ በፊት ባለው ቦታ ላይ ነው።

ቦታውን በዓይንህ ማግኘት ትችላለህ። መጀመሪያ አምፑን ክሊን ቻናል (ድምፁን ሳያሻክር የሚያወጣው) ላይ አድርገው፣ ጌይኑን (የገባውን ምልክት የሚያጎላውን ቁልፍ) ዝቅ አድርገው፣ ፔዳሎቹን (ድምፅ የሚለውጡትን የእግር መሣሪያዎች) በሙሉ አውጣቸው። ይህን የምልህ የአምፑ የራሱ ዲስቶርሽንም (ሆን ተብሎ የሚሻክረው ድምፅ) ሞገዱን ስለሚቆርጠው ነው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ያለህን ኃይል ተጠቅመህ አንድ ኮርድ ምታና ቅዳው። ቅጂውን አጉልተህ ሞገዱን እይ። ጫፎቹ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብለው ሜትሩም (የድምፁን ከፍታ የሚያሳየው መለኪያ) የመጨረሻ ጣሪያውን፣ ዜሮን፣ ከነካ፣ የተቆረጠው ኮምፒውተሩ ወይም ኢንተርፌሱ መግቢያ ላይ ነው፤ የአምፑን መውጫ ወይም የመግቢያውን ጌይን ቀንስ። ለጥ ብለው ሳለ ሜትሩ ግን ከዜሮ በጣም ዝቅ ካለ፣ ምልክቱ ወደ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት ተበላሽቶ ነው የደረሰው። ያኔ ወደ ኋላ ሂድ፦ የመግቢያው ማጉያ፣ የአምፑ መውጫ፣ ጊታሩ። ጊታርህ ባትሪ ያለው ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ካለው ባትሪውን ቀይረህ ሞክር፤ ሲደክም ድምፁ ይሰነጠቃል።

በጣም ስትመታ ሜትሩ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም ይበቃሃል። ዝቅ ያለ መስሎ እንዳያሳስብህ። በ24 ቢት ጥራት እስከቀዳህ ድረስ ሰፊ ቦታ አለህ፣ በኋላ ከፍ ብታደርገው ምንም አይጎዳም። ይህ ንጹህ ሲሆን የምትወደውን ዲስቶርሽን መልሰህ አምጣው፤ ግን ከአምፑ ጌይን አምጣው እንጂ መውጫውን በመክፈት አይደለም። ሜትሩንም እንደገና እየው።

ሞገዱ ጤነኛ ሆኖ ዲስቶርሽኑ ግን ጆሮ የሚወጋ «ዝዝዝ» ካለብህ፣ ያ ብልሽት አይደለም። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ድምፅ በጣም ይቀንሳል። በቀጥታ ስትቀዳ ስፒከሩ ስለማይኖር ሻካራው ሁሉ ይመጣል። አምፑ ላይ የካቢኔት ሲሙሌሽን (የስፒከሩን ድምፅ የሚመስል ማስተካከያ) ካለ አብራው፤ ከሌለ በሶፍትዌር ጨምርበት። እኔ ብዙ ነገር ከመነካካት በፊት ይህን እሞክር ነበር፤ ለውጡን ወዲያው ትሰማዋለህ።

ጠንክረህም ሆነ ቀስ ብለህ ስትመታ እኩል የሚመጣ «ጠቅ ጠቅ» ካለ ደግሞ የመቅጃ ሶፍትዌሩን በፈር (ድምፁ ለጊዜው የሚጠራቀምበትን ቦታ) ከ128 ወደ 512 ከፍ አድርገው፤ ኮምፒውተሩ አልደርስ ብሎት ነው። የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ሞክር። የአምፑን ፕላግ የኧርዝ (ከመሬት የሚያገናኘውን) እግር ግን በምንም ምክንያት እንዳትነካ። ጉርምርምታው ይጠፋልሃል የሚል ሰው ቢመክርህም እንዳትሰማው። ክሩን የምትነካው በእጅህ ነው፣ ያ ሽቦ ሕይወትህን የሚጠብቅ ነው።

ይህን ከሞከርክ በኋላ አንድ ኮርድ በክሊን ቻናል ጠንክረህ ምታና እስኪሞት ተወው፣ ከዚያ ቅጂውን ላክልኝ። ኤምፒስሪ አታድርገው፣ ዌቭ ይሁን። የሰካህበትን ቀዳዳም ፎቶ አንስተህ አብረህ ላከው።

የምትወድህ እናትህ