ስለ ትናንሾቹ ጂጎቻችን ዶቃ እና ስላለፈው ዙር ጥፋታችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጎንደር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሁለት ወራት ከሱቃችን የወሰዳችኋቸውን ትናንሽ ጂጎች፣ ማለትም ለማክበጃ ዶቃ የታሰረባቸውን የዓሣ መንጠቆዎች፣ ይዛችሁ ወደ ጎርጎራ ከወረዳችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ፣ መንጠቆው በጎኑ እየተኛ ከጣና ሐይቅ ዳር ድንጋይ ጋር እንደሚያያዝ፣ ዶቃውም በጣት ሲነካ እንደሚዞር ነግራችሁናል። የመለሳችኋቸውን አንድ በአንድ ፈትተን አይተናቸዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የተፈጠረውን በግልጽ ለማስረዳት እና ከአሁን በኋላ የምናስረክባችሁ ጂግ ከምን እና እንዴት እንደሚሠራ ለማሳወቅ ነው።

ነባር ደንበኞቻችን እንደምታስታውሱት፣ ቀደም ሲል የጂጎቻችን ክብደት ከእርሳስ የሚፈስ ነበር። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ በከሰል ምድጃ ላይ አቅልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማፍሰስ አያዳግትም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የተውነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ እርሳስ የሚያቀልጥ እና የሚሞርድ ሰው ጢሱንና ብናኙን መሳቡ አይቀርም፤ እኛ ደግሞ ልጆቻችን የሚገቡበት ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው። ሁለተኛው የሐይቁ ነገር ነው። የተበጠሰ ጂግ ከውኃው ሥር ይቀራል፤ የውኃ ወፎች ምግባቸውን ለመፍጨት ጠጠር ሲለቅሙ እርሳሱንም አብረው ይውጡታል፣ ይመረዙማል። በብሪታንያ ትናንሽ የእርሳስ ክብደቶች ለዓሣ ማጥመጃነት እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1987 የታገዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ በዚያ ዳር ያሉትን ወፎች ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል፣ እኛ ግን እንጀራችንን ከዚያው ውኃ እያገኘን መርዝ ልንጥልበት አንወድም።

በእርሳስ ፈንታ የመጡት የናስ እና የተንግስተን ዶቃዎች ናቸው። ልዩነታቸው ከክብደት ይጀምራል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ናስ 8.5 ግራም ገደማ፣ እርሳስ 11.3 ግራም፣ ንጹሕ ተንግስተን ደግሞ 19.3 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ የ4 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ዶቃ የሚሰጠውን ክብደት ከናስ ለማግኘት ወደ 4.4 ሚሊ ሜትር ማደግ ሲያስፈልግ፣ ከተንግስተን ለማግኘት 3.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ይህች የምታንስ የምትመስል ልዩነት ለነጭ ዓሣ (ለጣናው ባርበስ) ትልቅ ነገር ናት፤ ጂጉ እንደ ትንሽ ዓሣ ወይም እንደ ውኃ ትል ቀጭን ሆኖ ሳለ ፈጥኖ ይሰምጣል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣም ክሩ አይንሳፈፍበትም። ተንግስተን በ3,400 ዲግሪ ካልሆነ ስለማይቀልጥ በእኛ ምድጃ የሚሞከር አይደለም፤ ዶቃው በፋብሪካ ከዱቄቱ ተጨምቆ እና ተተኩሶ የሚሠራ ነው። ውድ የሆነውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። የጂግ መንጠቆ አንገቱ 60 ዲግሪ ገደማ ወደ ሹሉ በኩል የታጠፈ ነው። ተራ ክብ ዶቃ በዚህ አንገት ላይ በትክክል ስለማይቀመጥ፣ በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ዶቃ እንጠቀማለን፤ ስንጥቁ ወደ ሹሉ ሲያይ የዶቃው ክብደት በመንጠቆው ጀርባ በኩል ያርፋል፣ ውኃ ውስጥ ሲገባም ጀርባው ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ ይሆናል። ድንጋይ የማይዘው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ዶቃው ሩብ ዙር ከዞረ ክብደቱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መንጠቆው ይጋደማል፣ የቀረውን እናንተ አይታችሁታል። ባለፈው ዙር የገዛናቸው መንጠቆዎች ዘንጋቸው ከበፊቶቹ ቀጠን ያለ ነበር፤ ከዶቃው ቀዳዳ ጋር ሳናመዛዝን፣ የማሰሪያ ክሩን ጥምጥምም ሳንጨምር በቀድሞው ልማዳችን አሰርናቸው። አንዱን ፈትተን በማጉያ መስታወት ስናየው በስንጥቁ ውስጥ ክር አልነበረም፤ ባዶ ነበር።

አሁን መንጠቆውን በትንሿ ሞርሳ ከመያዛችን በፊት ዶቃውን ከሹሉ በኩል፣ ጠባቡ ቀዳዳ ወደ ፊት እንዲሆን አድርገን እናስገባለን። ከዚያ ከዶቃው ኋላ ክሩን ስንጥቁ እስኪሞላ ድረስ እየጠመጠምን እንገፋዋለን፤ በቀጭኑ ዘንግ ላይ ይህ ከ30 ዙር በላይ ይወስዳል። ክሩ ላይ አንድ ጠብታ ማጣበቂያ እንጨምርና እስኪደርቅ ሌላውን እንይዛለን። ዶቃው በአውራ ጣት እና በሌባ ጣት ሲጠመዘዝ ካልተነቃነቀ ብቻ ነው ጂጉን የምናለብሰው ጠጉርና ላባ የሚከተለው። ጠጉሩ የበግ ነው፣ ታጥቦ በጣት የተፈተለ፤ የአንገት ላባው ደግሞ ከቀይ አውራ ዶሮ ነው። ሰው የፋብሪካ ላባ ይሻላል ይላል፤ የእኛ ፍርድ ግን በውኃ ውስጥ ያገር ዶሮ ላባ ይበልጥ ይተነፍሳል የሚል ነው።

እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ጂጉን በክር አንጠልጥላችሁ ውኃ የሞላበት ሳፋ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ከሥሩ ሲያርፍ ሹሉ ወደ ላይ ካየ ደኅና ነው፤ ከተጋደመ ይዛችሁልን ኑ።

ስለ ምርጫ ከጠየቃችሁን፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት በማይበልጥ ዳርቻ የናሱ በቂ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ከታንኳ ላይ ወደ ጥልቁ ለምትጥሉ የተንግስተኑን እንመክራለን። ቀረሶን (ቲላፒያን) በጂግ እይዛለሁ ብላችሁ ገንዘብ እንዳታወጡ ግን እንለምናችኋለን፤ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ብዙም አይጎትተውም። ነጭ ዓሣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ስለሚወጣም፣ በእነዚያ ወራት በመገጭ እና በድርማ መግቢያ ላይ ባትጥሉ ደስ ይለናል።

ባለፉት ሁለት ወራት የገዛችሁትን ጂግ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ድንጋይ ላይ የቀረም ቢሆን፣ ያለ ደረሰኝ በአዲስ እንለውጥላችኋለን። በድንጋይ ላይ ለቀረው ቃላችሁን እናምናለን። ጎርጎራ የምትኖሩ ደንበኞቻችን ለዚህ ብላችሁ እስከ ጎንደር እንዳትደክሙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ይዞ ለሚወርደው ልጃችን ስጡት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምትኩን ያመጣላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመንጠቆ ማሰሪያ ቤታችን ባልደረቦች