ሆቴል ሳትይዝ ለምትሄደው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ትኬት መቁረጥሽን የነገረኝ አባትሽ ነው። መጀመሪያ የጆርጂያ አገር ዋና ከተማ ትብሊሲ፣ ከዚያ በመኪና የአርሜኒያዋ ዋና ከተማ የሬቫን። ሆቴል አልያዝሽም፣ የምታውቂው ሰውም የለም። እሱ እንቅልፍ አጥቷል። እኔ ግን ደስ አለኝ። በስልክ ላስረዳሽ ስል ስለምትቸኩዪ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው።

ትብሊሲ ሄጄ እንደነበር ታውቂያለሽ። እንዴት እንደሄድኩ ግን በደንብ አላጫወትኩሽም። ከአዲስ አበባ ስመለስ ኢስታንቡል ላይ በረራዬ ተሰረዘ። የሚቀጥለውን ለመጠበቅ ቀናት ነበሩኝ። ሰሌዳው ላይ ትብሊሲ የሚል አየሁ። ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ቪዛም አያስፈልግም። ሄድኩ።

በማግስቱ ዲዱቤ ከሚባለው መናኸሪያ ካዝቤጊ ወደምትባል የተራራ ከተማ የሚሄድ ማርሽሩትካ ተሳፈርኩ። ማርሽሩትካ ያው ሚኒባስ ነው፣ ሲሞላ ይነሳል። የሚሄድበት ቦታ የተጻፈው በራሳቸው ፊደል ስለሆነ ጠይቀሽ ነው የምትገቢው። አጠገቤ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል። መግባቢያ ቋንቋ የለንም። መኪናው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለፈ ቁጥር ያማትባሉ። ሹፌሩም በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ያማትባል። የእኔም እጅ ሳላስበው ግንባሬ ላይ ሄደ። ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ። ከዚያ ከዘንቢላቸው ቹርችኸላ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ። ዋልነት በክር ተሰክቶ፣ በፈላ የወይን ጭማቂ ተነክሮ የደረቀ ነው። ከሩቅ ስታዪው ጧፍ ይመስላል።

ጉዳውሪ ከሚባለው ቦታ በላይ ያለውን የተራራ መንገድ በረዶ ዘጋው ተባለና ሹፌሩ ከዚያ በፊት ያለችው ፓሳናውሪ የምትባል መንደር ላይ አቆመ። እየመሸ ነበር። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ሻንጣዬን አንስተው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው።

ኺንካሊ ቀረበ፣ ሥጋና መረቅ በሊጥ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ተቋጥሮ የተቀቀለ ነው። ሹካ ሳነሳ የልጅ ልጃቸው ከእጄ ወሰደችው። ቋጠሮውን በጣትሽ ይዘሽ፣ ገልብጠሽ፣ መጀመሪያ ትንሽ ነክሰሽ መረቁን ትመጥጫለሽ። ከዚያ ሥጋው ይከተላል። ቋጠሮው አይበላም፣ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ስንት እንደበላሽ የሚቆጠረው በእሱ ነው። በቃኝ ስትዪ ይጨምሩልሻል፣ "በሞቴ" ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። ወይኑም ዝም ብሎ አይጠጣም። ታማዳ የሚሉት የማዕዱ መሪ ይነሳና ስለ ሰላም፣ ስለ ሞቱት፣ ስለ ወላጆች ይናገራል። የዚያን ማታ ስለ አንቺም ተጠጣ። ስምሽን ጠይቀው፣ በትክክል እስኪጠሩት ደጋግመው ነው። እዚያ ቤት ስምሽ ይታወቃል።

በማግስቱ መንገዱ ተከፍቶ ካዝቤጊ ደረስኩና ከከተማዋ በላይ ያለውን የገርገቲን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አየሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ 2,170 ሜትር ከፍታ ላይ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም። በጣም ያምራል፣ ግን እሱን ፎቶው ያሳይሻል።

አያትሽን ታስታውሻለሽ። የመሸበት መንገደኛ "የእግዚአብሔር እንግዳ" ሲል በሯን ትከፍት ነበር። እግሩን ታጥብ ነበር። እኛ እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን። እንግዳ መሆን ግን ይከብደናል። ሰው አናስቸግር እንላለን፣ "ተዉት፣ ምንም አልፈልግም" እንላለን። ሆቴሉን፣ መኪናውን፣ ምሳውን ሁሉ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ማንም ሳያስፈልገው ሄዶ ይመለሳል። ምንም ላይጎድልበት ይችላል። ግን ሰው አያገኝም። ሰው ወደ አንቺ የሚመጣው ክፍተት ስትተዪለት ነው። ስለዚህ ነው ሆቴል አለመያዝሽ ያላስጨነቀኝ።

ዓይንሽን ጨፍነሽ ሂጂ ማለቴ ግን አይደለም። ጥቁር ሴት ነሽ፣ የሚያፈጥብሽ ይኖራል፣ ክፉ ቃል የሚወረውርም አይጠፋም። ኤርፖርት በር ላይ የሚጠብቁ ታክሲዎች ዋጋ ይቆልላሉ፣ በስልክሽ ጥሪ። ቤት ግቢ የሚልሽ ብቻውን ያለ ወንድ ከሆነ አመስግነሽ እለፊ። እናት ያለችበት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ከሆነ ግቢ። የሚያጣድፍሽን ሰው በሙሉ ሽሺ። ደግ ሰው አስቢበት ብሎ ጊዜ ይሰጥሻል።

ላስተናገደሽ ሰው ደግሞ ገንዘብ እንዳታወጪ፣ ይቀየሙሻል። እኔ ከአዲስ አበባ የያዝኩትን የተቆላ ቡና ነው የሰጠኋቸው። እዚያው ወቅጠው፣ እጀታ ባላት ትንሽ ማፍያ አፈሉት። ጎረቤት ሳይጠራ መጣ።

የሬቫን ስትደርሺ "ከየት ነሽ?" ይሉሻል። "ከአሜሪካ" ብለሽ እንዳታቆሚ። በፈረንጆቹ 1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመኖቹ ገዳም፣ በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ። አርባውን አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው፣ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ የሆኑት። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አስቢው፣ እነዚያ ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ አንድ የሚያውቁት ሰው አልነበረም። ይህን ታሪክ እዚያ ላገኘሽው ትልቅ ሰው ንገሪው። ከእሱ የምትሰሚውን ደግሞ መጥተሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ በጣም መስማት እፈልጋለሁ።

አባትሽን እኔ አረጋጋዋለሁ። ማታ ማታ የት እንዳደርሽ አንድ መስመር ጻፊለት፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። ቡናውን ቅዳሜ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍዬ አመጣልሻለሁ። ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ተዪለት።

የምትወድሽ
እናትሽ