ላፕቶፕ የሌለው የምህንድስና ተማሪ

ለአዘጋጁ፦

የምህንድስና ተማሪ ግቢን ለመልመድ የሚወስድበት ጊዜ በአብዛኛው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይወስነዋል። አዳማ ውስጥ ለዓመታት ለተማሪዎች ቅርብ ሆኜ ያየሁት ይህንን ነው።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወጪ መጋራት ምግብና መኝታን፣ ከትምህርት ወጪውም 15 በመቶውን ተማሪው ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያደርጋል። ይህ መልካም ነው፤ ብዙ የገበሬ ልጅ ግቢ የገባው በዚህ ነው። ግን ውሉ የማይነካው ወጪ አለ። ካልኩሌተር፣ የድሮዊንግ ዕቃ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙናም ጭምር። ከሁሉም የሚከብደው ላፕቶፕ ነው። አውቶካድና ማትላብ የሚባሉት የምህንድስና የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሲመጡ፣ ላፕቶፕ የሌለው ልጅ የዶርም ጓደኛው እስኪተኛ ይጠብቃል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሥራውን ይጀምራል። ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ልጁ ሰነፍ አይደለም።

ብቸኝነቱም አለ። ከቤት ብር የሚላክለት ነን ካፌ (በግቢው ካፌ የማይመገብ) ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ውጭ ይበላል። የማይላክለት የሻይ ሒሳብ እንዳይደርስበት ሲል ከቡድኑ ይሸሻል። ምህንድስና ግን ለብቻ የሚገፉት ትምህርት አይደለም። ወርክሺቱም ፕሮጀክቱም በቡድን ነው የሚሠራው።

ዩኒቨርሲቲዎች መጽሐፍ እንደሚያውሱ ሁሉ ላፕቶፕም በሴሚስተር ያውሱ። ለተቸገሩትም በላብራቶሪና በቤተ መጻሕፍት በሳምንት እስከ 10 ሰዓት የሚከፈልበት ሥራ ይስጡ። ምዝገባው አንደኛ ዓመት በገቡበት ሳምንት ይሁን፤ ልጁ ከተጎዳ በኋላ አይሁን።

አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ