ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ

ቦንጋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ስልክ ስደውልልሽ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ስለተዘጋ፣ ሦስተኛ ከመደወል መጻፍ ይሻላል ብዬ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀምጫለሁ። ደብዳቤውን ወንድሜ እንዲያነብልሽ አልፈልግም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀን እንጀራ ስትጋግሪ ውለሽ ማታ በኩራዝ ፊደል የቆጠርሽ ሴት ነሽና፣ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው። ጽሕፈቱን ያተለቅሁትም ለዓይንሽ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጤናሽ ልበል። የደም ግፊቱን ኪኒን «ተሽሎኛል» ብለሽ እንደተውሽው እኅቴ ነግራኛለች። እማዬ፣ ራስሽን ስላላመመሽ ግፊቱ ወርዷል ማለት አይደለም፤ ኪኒኑ የሚዋጠው ደኅና በዋልሽበት ቀንም ጭምር ነው። ወጡ ላይ ጨው ቀንሺ። ለዓይንሽም የሞራ ግርዶሹ ሳይጠና ሐኪም ዘንድ እንዲያደርስሽ ለወንድሜ ገንዘብ ልኬለታለሁ። ልጆቹ አድገዋል። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውሯል፤ በየማለዳው አዲሱ በቅሎ እንደሆነ በመስተዋት ይመረምራል። ትልቋ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላት፤ በክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች፤ ስትቆጣ ከንፈሯን የምትነክስበት አኳኋን አንቺን ቁርጥ ነው። እዚህ ቡናው ደርሶ ሰዉ ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ስለ ልጆቹና ስለ ቡናው እስኪነጋ ልጽፍልሽ እችል ነበር፤ ነገር ግን ስልኩ የተዘጋው በእነዚህ ምክንያት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አዎን፣ ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የጎረቤታችን ልጅ የጭነት መኪና ይዞ በዚህ ሲያልፍ ያነሣት፣ ሱሪ ለብሳ ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ ቀይ ሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጠችው ሴት ልጅሽ ናት። ለፎቶ ብዬ የወጣሁበትም አይደለም፤ መንዳት ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። በየበዓሉ «ሥራሽ እንዴት ነው?» ስትዪኝ «ደኅና ነው» እያልሁ አራት ዓመት ሙሉ ደብቄሻለሁ። በማኅበሩ ዕለት «ልጅሽ ዶቅዶቄ ነጂ ሆነች አሉ» ሲሉሽ ጠላውን ሳትቀምሺ ተነሥተሽ እንደወጣሽ ሰምቻለሁ። ይህን ከሰው አፍ እንድትሰሚ ማድረጌ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ። ስለ መንዳቴ ግን ይቅርታ ልጠይቅሽ አልችልም፤ ለምን እንደማልችል ልንገርሽ ነው የተቀመጥሁት።

እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ሥር ያሉት ቀበሌዎች መኪና የማይገባባቸው ናቸው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመደብ የጀመረው፣ እናት ምሥጢሯን የምትነግረው ለሴት ነው ተብሎ ነው፤ እውነትም ነው። እነዚያ ሴቶች ግን የሚሄዱት በእግራቸው ነው። እኛ ዘንድ ሞተር ሲመጣ ቁልፉ ወንድ እጅ ይገባ ነበር፤ የሚነዳው ሰው ሲዛወር ደግሞ ሞተሩ ሸራ ለብሶ ዓመት ቆመ እንጂ «አንዷ ትንዳው» ያለ አልነበረም። እኔ ስጠይቅ ኃላፊው ሣቀብኝና «አንቺ ከምትሰብሪው ዝናብ ያበላሸው» አለኝ። መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥሁለት በኋላ ነው ቁልፉን የሰጠኝ።

ክትባት የሚጓዘው በበረዶ ከረጢት በተሞላ ሳጥን ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ የኩፍኙ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይደፋል። በእግር አራት ሰዓት የሚፈጀውን ዳገት በሞተር በሃምሳ ደቂቃ ስወጣው፣ በእግር ቢሆን ተራው ሳይደርሳቸው ይመለሱ የነበሩትን ሕፃናት ሁሉ ከትቤ እመለሳለሁ። ይህን የምነግርሽ ሥራዬን ከፍ ለማድረግ አይደለም። «ሴት ልጅ ሞተር ላይ ምን ትሠራለች?» ብለው ሲጠይቁሽ የምትመልሺው እንድታገኚ ነው።

ስለ ሰዉም አልዋሽሽም። ከግቢ ስወጣ ሕፃናቱ «ሴት ናት! ሴት ናት!» እያሉ እስከ ድልድዩ ይከተሉኛል። ጎማ ፈንድቶብኝ ጎሚስታው ዘንድ ስገፋው፣ ካላማዳሪውን አውጥቶ እየለጠፈ የሚጠይቀው «የማን ሞተር ነው? ባለቤቱ የት ነው?» ብሎ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዴን ፊትና ኋላ አገላብጦ ካየ በኋላ ባልደረባውን ጠርቶ ያሳያል። ወንዶቹ ሞተረኞች ከሴት ኋላ መሄድ ስለሚያፍሩ፣ ጠጠር በበዛበት ጠምዛዛ ላይ ሳይቀር ደርበው ያልፉኛል፤ ከሁሉ የምፈራው እርሱን ነው። «ወንዳወንድ» የሚሉኝ አሉ፤ ባለቤቴን «ሚስትህ ትነዳሃለች» የሚሉት አሉ። እርሱ ግን ሌሊት የምጠራ እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ሞተሩን ከግቢ የሚያወጣልኝ ሰው ነው። ሞተር ሲባል ደግሞ አንቺ ትዝ የሚልሽ ሌባ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ሲከለከል፣ ሬዲዮኑ ስለ ቅሚያና ዝርፊያ ያወራውን ሰምተሽ «ዶቅዶቄ የሽፍታ ነው» ብለሽኝ ነበር። እኔ የምነዳው ሞተር ታርጋ አለው፤ ከኋላውም የክትባት ሳጥን ታስሮበታል።

አንዲቱን ግን ልንገርሽ። አምና በመስከረም ወንዙ ሞልቶ አምቡላንሱ ከማዶ ቀረ። የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ነች። ለእግረኛ በተሠራው ድልድይ በኩል ዞሮ አምቡላንሱ ዘንድ ለመድረስ ከሞተር በቀር መንገድ አልነበረም። ሁለት ወንዶች ሞተራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እርሷ ግን የማታውቀው ወንድ ወገብ ይዛ ከምትሄድ እዚያው ብትሞት እንደምትመርጥ በእንባ ትናገራለች። እኔ ስደርስ ተነሣች። ነጠላዋን አጣጥፌ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጥሁላት፤ የተንጠለጠለ ነጠላ ካቴና ውስጥ ሲገባ አንገት ያንቃልና። እንደ ሴት ወግ በጎን ልትቀመጥ ስትል «በዚህ ጭቃ በጎን አይሆንም፤ እግርሽን ከፍተሽ ተቀመጪ» አልኋት። አማቷ ፊቷን አዞረች። ከአንደኛ ማርሽ ሳልወጣ፣ ሁለት እግሬን መሬት ለመሬት እያስነካሁ ነዳሁ። ምጡ ሲመጣ ትከሻዬን መታ ታደርገኛለች፤ እቆማለሁ፤ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ ተክላ ታቃስታለች፤ ትንፋሿ በሹራቤ አልፎ ገላዬን ያሞቀኛል። ከዚያ «ሂጂ» ትለኛለች። አርባ ደቂቃ እንዲህ ሄደን አምቡላንሱ ዘንድ ደረስን፤ ከዚያም አልተለየኋትም። ሌሊቱን በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እኔም እትብቱን ቋጥሬ ስጨርስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ። እጅግ ያሰብሁት አንቺን ነበር።

«እግርሽን ከፍተሽ ተቀመጪ» ስላት የሰማሁት የራሴን ድምፅ ብቻ ስላልነበረ ነው።

ያን የገበያ ቅዳሜ ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ብትረሺው እኔ አልረሳሁትም። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የወንድሜን ብስክሌት ወስጄ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል እስከ ገበያው ነዳሁ፤ ነፋሱ ቀሚሴን ሲያርገበግበው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። በርበሬውን ሚዛን ላይ ትተሽ ሮጠሽ መጣሽ። በክንዴ ጎትተሽ ስታወርጂኝ ብስክሌቱ ላዬ ላይ ወደቀና ጉልበቴ ተላጠ። በሰው ፊት በጥፊ መታሽኝ። እርሱስ ያልፍ ነበር። ቤት አስገብተሽ በሩን ዘጋሽና ቀሚሴን ገልበሽ «ደሙ ከየት ነው?» አልሽኝ። «ከጉልበቴ» አልሁ። ደግመሽ «ደሙ ከየት ነው?» አልሽኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። እኔ ለጉልበቴ የተጨነቅሽ መስሎኝ «አያምም እማዬ» እያልሁ ላጽናናሽ እሞክር ነበር። ምን እንደምትጠይቂኝ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ አክስቴ «ሴት ልጅ ብስክሌት ከነዳች ክብሯ ይሄዳል» ስትል በሰማሁ ጊዜ ነው። ያን ዕለት ሌሊት ወደ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ተመልሼ እንደገና ተመታሁ።

ዛሬ አዋላጅ ነኝ። የሴት ልጅ ክብር በብስክሌት ኮርቻ የሚጠፋ፣ ሐኪምም መርምሮ አለ ወይም የለም የሚለው ነገር እንዳልሆነ በትምህርትም በሥራም አውቄዋለሁ። አንቺም እኔን ለመጉዳት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ፤ የሰው አፍ ሳይደርስብኝ ልትደርሺልኝ ነበር። ነገር ግን ጉልበቴን ማንም አላጠበልኝም፤ ራሴ በእንስራው ውኃ አጠብሁት። ወንድሜም በማግስቱ ብስክሌቱን ነድቶ ወጣ። እንድታውቂልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል አልተናገርሁትም።

ደግሞም እኮ አንቺ እንዲህ አልነበርሽም። የሰርግሽን ዕለት ስንት ጊዜ አውርተሽልናል! ጨሞጋን ስትሻገሩ በቅሎዋ ደንብራ ሚዜው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ፣ ፊትሽ እንደተሸፈነ እርካቡን ረግጠሽ፣ ልጓሙን ስበሽ፣ በቅሎዋን ከወንዙ ያወጣሻት አንቺ ነሽ። ይህን ስታወሪ ወገብሽ ይቃና ነበር። የባሕር ዳሯ ልጅ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን፣ ዜናውን ሰምተሽ እልል ብለሽ ጎረቤት የጠራሽውም አንቺ ነሽ። ሰማይ ላይ ለእርሷ የተፈቀደው፣ ወንዝ ላይ ለአንቺ የሆነው፣ መንገድ ላይ ለእኔ ነውር የሚሆነው እንዴት ነው? ለክርክር ብዬ አይደለም፤ በእውነት መልሱን ካንቺ መስማት እፈልጋለሁ።

አሁን ልነግርሽ የፈራሁትን ልጻፈው። ሰኔ ላይ «ስልጠና ላይ ነኝ፤ አልመጣም» ያልሁሽ ውሸት ነበር። ወድቄ ነው። ዝናብ በመታው ቀይ አፈር ቁልቁለት ላይ የኋላው ጎማ ሸሽቶ፣ ሞተሩ ቀኝ እግሬ ላይ ተኛ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰነጠቀ፤ የጭስ ማውጫውም ባቴን አቃጠለው። ስድስት ሳምንት በጀሶ ተቀመጥሁ። ጠባሳው አለ፤ ስመጣ ታዪዋለሽ። ሄልሜት ስለነበረኝ ራሴ ደኅና ነው፤ እግሬም ጸንቷል። ያን ሁሉ ሳምንት አልጋ ላይ ሆኜ ሥቃዩን የማስበው ትንሽ ነበር፤ «እማዬ ከሰማች ነግሬሽ ነበር ትለኛለች» የሚለው ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ጀሶው በወጣ በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ነዳሁ። መጀመሪያ ቀን ያንን ቁልቁለት ሳየው ልቤ ይመታ ስለነበር፣ ወርጄ እየገፋሁ አለፍሁት። በሁለተኛው ቀን ነዳሁት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱን ስጽፍ አፍራለሁ። ልጅቷ በመስከረም ብስክሌት እንድገዛላት ስትለምነኝ፣ ከአፌ የወጣው «ሰው ምን ይላል?» የሚል ነበር። እኔ፣ በየቀኑ ሞተር የምነዳ ሴት! እርሷም ዝም ብላ ሞተሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ጊዜ አንቺ ያን ቅዳሜ ምን ያህል ፈርተሽ እንደነበር ከአንጀቴ ገባኝ። ብስክሌቱን ገዝቻለሁ። ከኋላ ኮርቻውን ይዤ ጓሮ ውስጥ እያስተማርኋት ነው፤ ስትወድቅም ጉልበቷን በሞቀ ውኃ አጥባታለሁ።

ጥር 21 የማርያም ማኅበር ተራው ያንቺ እንደሆነ አስታውሳለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ልጆቹን ይዤ ሁለት ቀን ቀድሜ እደርሳለሁ። የምንመጣው በአውቶቡስ ነውና ስለ መንገዱ አትጨነቂ። ድፎውን እኔ እደፋለሁ፤ ጠላውንም ቆሜ እቀዳለሁ። እንግዶቹ ስለ ሞተሩ ከጠየቁ የምመልሰው እኔው ነኝ፤ አንቺ ስለ እኔ እንድትሟገቺ አልጠይቅሽም። ሲጠይቁኝ ግን እንደ ባለፈው ተነሥተሽ አትውጪብኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ከአጠገቤ ተቀመጪልኝ።

እስከዚያው ኪኒኑን አታቋርጪ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ እባክሽ አንሺው።

የምትወድሽ ልጅሽ