ሁላችንንም በአንድ ቃል አትጥሩን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር

ለብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለንደን

ጉዳዩ፦ ስለ ኢሚግሬሽን የሚሰጡ መግለጫዎችን እና ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት የዘጋውን የቤተሰብ መንገድ ይመለከታል

በለንደን ከተማ ላምበዝ በተባለው አካባቢ የምኖር፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በማስተርጎም የምተዳደር፣ በትውልዴ ኢትዮጵያዊ በዜግነቴ ስዊድናዊ ነኝ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ‹ሆም ኦፊስ› ሲባል ልባቸው ድንግጥ የሚል ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አያይዤ ልኬላችኋለሁ። የጠቀስኳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በ2009 ነው። ያን ጊዜ የስዊድን ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ሳይጠየቅ ይገባ፣ በማግስቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ፣ ለንደን ላይ ዶፍ ይወርድ በነበረበት በዚያ ሐሙስ፣ ጋና የተወለደችውን ጎረቤቴን ጃንጥላ ይዤላት እስከ ድምፅ መስጫው ድረስ ሸኘኋት። እሷ የብሪታንያ ዜግነት ባይኖራትም አገሯ የኮመንዌልዝ አባል በመሆኗ መረጠች፤ ለአካባቢ ምክር ቤት ድምፅ ስሰጥ የኖርኩት እኔ ግን ዕጣዬ በሚወሰንበት በዚያ ቀን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ይህን ለወቀሳ አላነሳሁትም፤ ሕጉ እንደዚያ ነበር። ያነሳሁት በዚያች አንዲት ሰልፍ ውስጥ እንኳ ‹የውጭ ሰው› የሚባለው ስንት ዓይነት እንደነበረ ለማሳየት ነው።

ዋናው ጉዳዬም ይኸው ነው። በእኛ ቋንቋ ‹ስደተኛ› የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ከጦርነት ሸሽቶ ሱዳን የገባውም ስደተኛ ነው፤ ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት የሄደችውም ስደተኛ ናት፤ በዲቪ አሜሪካ የገባው ልጅ ቤት ገዝቶ እንኳ እናቱ ‹በስደት ያለው ልጄ› ትለዋለች። ቤተ ክርስቲያን በወርኃ ጽጌ የምታስበው የእመቤታችን ወደ ግብፅ መውረድም ስደት ነው የሚባለው። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ትልቁ ፈተናዬ አንዱን የአማርኛ ቃል እንደ ሁኔታው ለእንግሊዝኛው አራት አምስት ቃላት ማከፋፈል ነው፤ ጥገኝነት የጠየቀው ለብቻ፣ ያገኘው ለብቻ፣ ለሥራ የመጣው ለብቻ፣ ለትምህርት የመጣው ለብቻ። አንዱን በሌላው ብተካ ጠያቂው ያስቆመኛል፣ ማስቆሙም ተገቢ ነው፤ የአንድ ሰው ጉዳይ በዚያች ቃል ሊበላሽ ይችላል። የሚገርመኝ፣ እንዲህ የተለያዩ ስሞች ያሉት ቋንቋ ሚኒስትሮች ማይክሮፎን ፊት ሲቆሙ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጡ ነው።

ከሕዝበ ውሳኔው አንድ ሳምንት በፊት ለመውጣት ይቀሰቅስ የነበረው የዩኪፕ ፓርቲ መሪ ናይጀል ፋራጅ ያስመረቁትን ትልቅ የቅስቀሳ ሥዕል ታስታውሱታላችሁ። በሥዕሉ ላይ በረጅሙ ተሰልፈው የሚታዩት ሰዎች በ2015 መጸው ከክሮኤሺያ ወደ ስሎቬንያ ይሻገሩ የነበሩ ጥገኝነት ፈላጊዎች ነበሩ። ብሪታንያ በአባላቱ መካከል የድንበር ቁጥጥርን ያስቀረው የሸንገን ስምምነት አባል ሆና አታውቅም፤ እነዚያ ሰዎችም የኅብረቱ ዜጎች ስላልነበሩ በዜጎች የመዘዋወር መብት ወደዚህ ሊገቡ አይችሉም ነበር። ድምፅ የተሰጠበት ጉዳይና በሥዕሉ ላይ የታየው ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ሰው ግን ሥዕሉን አይቶ ወደ ምርጫው ሄደ።

የመራጩ ቁጣ መሠረት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። በ2004 ስምንት የምሥራቅና የመካከለኛው አውሮፓ አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ ከነባር አባላቱ የሥራ ገበያቸውን ወዲያው የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ፤ መንግሥት ያስጠናው ግምት በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ሰው ይጨምራል ሲል፣ የመጣው ከዚያ በብዙ እጥፍ በለጠ። በ2010 ደግሞ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዴቪድ ካሜሮን የወጣው ከገባው ተቀንሶ የሚተርፈውን ቁጥር ከመቶ ሺህ በታች አወርዳለሁ ብለው ቃል ገቡ፣ ቃሉም ሳይፈጸም ቀረ። ከአገሪቱ ሁሉ ከፍተኛውን የ‹እንውጣ› ድምፅ፣ 75.6 በመቶ፣ ወደ ሰጠችው ወደ ሊንከንሽር ቦስተን አንድ ጊዜ ለማስተርጎም ሄጄ ነበር። ከባቡር ጣቢያ የወሰደኝ ባለታክሲ ጎመንና ብሮኮሊ የተተከለበትን ጥቁር አፈር እያሳየኝ፣ ይህን የሚለቅሙትን ሰዎች አልጠላም፣ ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው፣ ግን ከተማዋ እንዲህ ስትለወጥ ማንም መጥቶ አላማከረንም አለኝ። ላምበዝ ላይ ከአምስቱ አራቱ ያህል ‹እንቆይ› ባሉበት ሰፈር ስኖር ያልሰማሁትን ነገር በአሥር ደቂቃ መንገድ ሰማሁ። ያ ሰው የተቆጣው ስላልተነገረው ነው። ታዲያ ዛሬስ በትክክል እየተነገረው ነው?

አገሪቱ ጥር 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ወጣች፤ የመዘዋወር ነፃነትም በዚያው ዓመት መጨረሻ አበቃ። በምትኩ የመጣው የነጥብ ሥርዓት የሥራ ቪዛን ለዓለም ሁሉ ከፈተ፤ በ2022 መጀመሪያ የአረጋውያን ተንከባካቢዎች ተጨመሩ፤ ተማሪዎች፣ የዩክሬንና የሆንግ ኮንግ ሰዎች መጡ። እስከ ሰኔ 2023 ባለው አንድ ዓመት የተጣራው ቁጥር ከ900,000 በላይ ደረሰ፤ በሕዝበ ውሳኔው ወቅት ሰውን ያስደነገጠው ግን 330,000 ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በእጅጉ ወርዷል፤ የተንከባካቢዎቹም በር በሐምሌ 2025 ከውጭ ለሚቀጠሩ ተዘግቷል። ብዙኃኑን ያስገቡት መሥሪያ ቤታችሁ ራሱ ማኅተም ያደረገባቸው ቪዛዎች ሆነው ሳለ፣ በቴሌቪዥን የሚታየው ግን ሁልጊዜ የጎማ ጀልባ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ስለ ጀልባውም ቢሆን ሙሉው ነገር ይነገር። የጥገኝነት ጥያቄን የትኛው አገር እንደሚያይ የሚወስነው የኅብረቱ የደብሊን ደንብ እስከ 2020 መጨረሻ ብሪታንያን ያካትት ስለነበር፣ ፈረንሳይ ወይም ጣልያን ውስጥ ብቻውን የቀረ ልጅ እዚህ ያለ ወላጁ፣ ወንድሙ፣ አጎቱ ወይም አክስቱ ዘንድ ሆኖ ጉዳዩ እንዲታይለት መጠየቅ ይችል ነበር። ብሪታንያም በበኩሏ ሰው ወደ ሌላ አባል አገር መመለስ ትችል ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከመለሰቻቸው የተቀበለቻቸው ይበዙ እንደነበር አልደብቅም። የአንድ ወዳጄ የእህት ልጅ በ2019 በዚህ መንገድ ነው የመጣው። ስምንት ወር ፈጅቶበታል፤ የወረቀቱ ብዛትም አይጣል ነበር። በመጨረሻ ግን በባቡር፣ ከአጃቢ ጋር፣ አዲስ ጫማ ተጫምቶ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ሲወርድ አብሬ ተቀብዬዋለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ጎረምሳ፣ ታላቅ ወንድሙ እዚሁ ለንደን እያለ፣ ያንኑ ጥያቄ ይዞ በፈረንሳይ ወደብ በካሌ ሲጠብቅ ስልክ ደወለልኝና የሚሞላው ቅጽ የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅጹ እንደሌለ የነገርኩት እኔ ነኝ። በጀልባ መጣ። በ2018 በትንንሽ ጀልባ የተሻገሩት 300 እንኳ አይሞሉም ነበር፣ በ2022 ከ45,000 በለጡ፤ የዚህ ሁሉ መነሻ የደብሊን መቅረት ነው አልልም፣ በሌሎች መንገዶች ላይ ጥበቃው መጠናከሩና የደላላው ገበያ መድራቱም አለበት። ያ ልጅ ግን በባቡር ሊመጣ ይችል ነበር።

በመስከረም 2025 ደግሞ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን የሚያስመጣበት ማመልከቻ ለጊዜው እንዳይቀርብ ታገደ። ‹ለጊዜው› የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ላይ ልጆቿን ይዛ ለምትጠብቅ ሴት በስልክ ሳስተረጉም፣ ‹ስንት ወር ማለት ነው?› ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። መሥሪያ ቤታችሁ በየሦስት ወሩ የሚያወጣው ዝርዝር ሠራተኛውን ከተማሪው፣ ተማሪውን ከጥገኝነት ጠያቂው ለይቶ ያስቀምጣል፤ የሚኒስትሮቹም ንግግር ይህንኑ ልዩነት ይዞ ይቅረብ፤ አንድ ቁጥር ሲጠራ ከየትኛው በር የገባ እንደሆነ አብሮ ይነገር። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የሚደረገው ድርድር በዓሣና በንግድ ላይ ብቻ ሳይወሰን፣ ብቻቸውን የቀሩ ልጆች እዚህ ካለ ዘመዳቸው ጋር የሚገናኙበት የታወቀ መንገድና የሚሞላ ቅጽ ይኑረው። የቤተሰብ ማመልከቻው እገዳ የሚነሳበት ቀንም ይገለጽ። ሳልዘነጋው፣ የነዋሪነት ፈቃዳችን በወረቀት ሳይሆን በኢንተርኔት ብቻ መሆኑ እንደ እኔ ስልክ ለሚነካካ ሰው ምንም አይደለም፤ ስማርት ስልክ ለማይዙ እናቶች ግን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈቃዳቸውን የሚያሳየውን ኮድ የሚያወጣላቸው ሰው እስኪገኝ ቆሞ መጠበቅ ነውና፣ አንዲት ካርድ ብትታተምላቸው ትልቅ ነገር ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ ብትልኩልኝ ለወገኖቼ ቃል በቃል ተርጉሜ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በላምበዝ ነዋሪ የሆነ አስተርጓሚ