ያላየ ምስክር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ዲጂታል ክህሎት ሥልጠና በቅርቡ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስንት ሰው እንደሠለጠነ፣ ስንቱም የምስክር ወረቀት እንደተቀበለ በደንብ ተጽፏል። ከሠለጠኑት አንዱ እንኳ ወደ ሥራው ተመልሶ ምን እንዳደረገ ግን የለበትም። ጋዜጣውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ለዓመታት ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩት እንዲሁ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዲያውም የራሴን ጥፋት ለመናገር ነው።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ስመረምር ቆየሁ። ከዚያ ከባልደረቦቼ ጋር አሥራ አራት ሆነን የማማከር ሥራ የሚሠራ ማኅበር አቋቋምን። እኛም ኅብረት ሥራ ነን ማለት ነው፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ። በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ላሉ መሠረታዊ ማኅበራት መዝገብ እናደራጃለን፣ ሠራተኞቻቸውን እናሠለጥናለን።

ከደንበኞቻችን አንዱ ጤፍና ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬዎች ማኅበር ነው። ንብረት ያዧ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ትምህርት ያቋረጡት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የአካባቢው ሰው «አዴ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን ያንን መጋዘን ያየ ሰው ወረፋ ምን እንደሆነ ያውቃል። ገበሬው አህያውን አስሮ ይቆማል። አዴ ትልቁን መዝገብ ይገልጣሉ። ስሙን ይፈልጋሉ። ዩሪያ ስንት ወሰደ፣ ኤንፒኤስ ስንት ቀረው ብለው በጣታቸው ይከተላሉ። በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ አምስት ሰዎች አሉ። ፀሐይ እንዲሁ ትጠልቃለች።

አንድ ዓመት በዚያው ሰሞን ስንሄድ ወረፋው የለም። አዴ ስልካቸውን ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ኤክሴል የሚባለውን የሠንጠረዥ መሥሪያ ከፍተዋል። ስም እስከ አያት፣ መንደር፣ ዩሪያ፣ ኤንፒኤስ፣ የከፈለው፣ የቀረው። ያልከፈለ ቀይ ነው፣ የጨረሰ አረንጓዴ። ስም ሲጽፉ ሰውየው ብቅ ይላል።

እኔን ያስደነቀኝ ቀለሙ አይደለም፤ ቀኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር የሠራ ሁሉ ጣጣውን ያውቀዋል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለህ ስትጽፍ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ አይቀበልህም፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለማ። ጳጉሜን 5ን 5/13 ስትለው ደግሞ ብዙው ስልክ ሜይ 13 አድርጎት ቁጭ ይላል። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል አሰልፍ ስትለው ሁሉም ይደበላለቃል። አዴ ምን አደረጉ? ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለው ለሦስት ከፈሉት። ሦስት ዓምድ፣ በየዓምዱ ተራ ቁጥር። አለቀ። እኔ ዲግሪ አለኝ። ያንን ሁሉ ዓመት ቀኑን ወደ ፈረንጅ እየቀየርኩ፣ በየመሀሉም እየተሳሳትኩ ስጽፍ ይህች መላ አልመጣችልኝም።

በዚህም አላበቁም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ብዙ አባላት ክፍያ በስልክ ጀምረዋል። ሴቶቹ ግን የሚስጥር ቁጥራቸውን ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴም ለባለ ሱቅ ይሰጡ ነበር። አዴ አሥራ አንድ ሴቶችን መጋዘኑ በር ላይ እያስቀመጡ አስተማሩ። ማን እንደላከ እንዴት እንደሚታይ፣ ቀሪ ሒሳብ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ቁጥሩ ለምን ለልጅ ልጅም እንደማይነገር። ፕሮጀክተር የለም፣ ሻይ ቡና የለም፣ ውሎ አበል የለም።

ውሎ አበል ካልኩ አይቀር፣ የሦስት ቀን የዲጂታል ሥልጠና ሆቴል ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ከማኅበሩ የሄዱት ሊቀ መንበሩ ናቸው። ሲመለሱ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ይዘው መጡ፤ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሳምንቱ ፋይሉን እንዴት እንደሚከፍቱት የጠየቁት አዴን ነው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ይህን ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

እኛ ግን ከዚያ የባሰ አደረግን። የአዴን ቅጽ ወሰድን። አርማችንን ከላይ ለጠፍንበት። ለሌሎች ስድስት ማኅበራት አስተማርነው፣ ተከፈለንም። ሪፖርቱ ላይ «ማኅበራችን ያዘጋጀው የንብረት መቆጣጠሪያ ቅጽ» ይላል። ፊርማው የእኔ ነው። ከስድስቱ በአንደኛው ያገኘሁት ንብረት ያዥ ሦስቱን የቀን ዓምዶች አይቶ «ይህን ያሰበ ሰው መጋዘን ውስጥ የኖረ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ለረዳት ሒሳብ ሹምነት ማስታወቂያ ወጣ። አዴ አመለከቱ። ችሎታዎን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርቡ ተባሉ። ስልካቸውን አሳዩ። ስልክ ማስረጃ አይሆንም ተብለው ቀሩ። እኔ ያን ሪፖርት ስጽፍ ስማቸውን አስገብቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ወረቀት ይኖራቸው ነበር።

ምስክር ማለት እኮ ያየ ሰው ማለት ነው። የምስክር ወረቀታችን ግን ያላየውን ይመሰክራል። ሰውየው ሆቴሉ ውስጥ ሦስት ቀን እንደተቀመጠ እንጂ ምን መሥራት እንደሚችል አይናገርም። ዕድራችን ውስጥ እንዲህ አይደለም። ገንዘብ ያዥ የሚመረጠው አይተነው ነው። ድንኳን ማን ቶሎ እንደሚተክል፣ ሐዘን ቤት ማን አፉን እንደሚጠብቅ ይታወቃል። ችግሩ ይህ ዕውቀት ከሰፈር አይወጣም። አዴን መንደሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቀጣሪ ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ ግን ማንም አያውቃቸውም።

የሙያ ብቃት ምዘና አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ በሥራ ላይ የተማረም ሰው መመዘኑ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ምዘናው ለታወቀ የሙያ ዓይነት ነው። «ቀኑን ለሦስት ከፈለች፣ አሥራ አንድ ሴት አስተማረች» የሚል ሙያ የለም።

ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2011 «ኦፕን ባጅ» የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር። ሲያዩት ትንሽ ሥዕል ነው። ውስጡ ግን ማን እንደሰጠው፣ ለምን እንደሰጠው፣ ማስረጃው የት እንደሚገኝ ተጽፎበታል። የሚያየው ሰው ራሱ ገብቶ ያጣራል። ሐሳቡን ወደድኩት። ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ማኅበርም፣ የሥራ ባልደረባም ዕውቅና ሊሰጥበት ይችላል። ይሁንና ያንኑ የሆቴል ሦስት ቀን ባጅ ውስጥ ከከተትነው ለውጡ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ቀርቶ ስልክ ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታም ሥዕሉ አይገኝም። ስለዚህ እኛ በወረቀት ጀመርን።

አንድ ገጽ ነው። «ተሳትፋለች» የሚል ቃል የለበትም። ምን እንደሠሩ፣ መቼ እንደሠሩ፣ የሠሩት ዛሬ የት እንደሚታይ፣ ማን እንዳየ ይላል። ሦስት ሰው ይፈርማል፤ ከሦስቱ አንዱ ከወረቀቱ ባለቤት የተማረ ሰው መሆን አለበት። ከዚያ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባዔ ፊት ይነበባል። አልሠራችም የሚል ካለ እዚያው እጁን ያወጣል። እኛም በየቅጻችን ራስጌ «ሐሳቡ የማን ነው» የሚል መስመር ጨምረናል። ይህን ስናደርግ ከመካከላችን ያኮረፉ ነበሩ። ደንበኛው ከእኛ ሳይሆን ከንብረት ያዧ ተማርኩ ካለ ለምን ይከፍለናል አሉ። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጀ። እኔ ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ። መልሱ ግን ሌብነት ሊሆን አይችልም።

ከኅብረት ሥራ አዋጁም ውጪ አልሄድንም። ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆዎች አምስተኛው ነው። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ላይ እ.ኤ.አ. በ1844 ሱቅ የከፈቱት ሠራተኞች እንኳ ከጊዜ በኋላ ከትርፋቸው በመቶ ሁለት ተኩሉን ለትምህርት ይመድቡ ነበር፤ ከሱቁ በላይ የንባብ ክፍል ነበራቸው። እኛ ዘንድ ለሥልጠና የሚመደበው ገንዘብ አዳራሽ ኪራይና አበል ላይ ሲያልቅ ነው የማየው። ሒሳቡን ስመረምር የኖርኩ ስለሆነ ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም።

ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የሠልጣኝ ቁጥር በየጊዜው ይዘገባል። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ እኔም ገብቼ ተምሬበታለሁ፣ አልቃወምም። ብቻ ዘጋቢዎቻችሁ ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ አንድ ሠልጣኝ ይፈልጉና ይጠይቁልን፦ ከዚያ ወዲህ ምን ሠራህ? ማንንስ አስተማርክ?

የአዴን ወረቀት ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ። ይቅርታውን በቡና አለፉት። ወረቀቱን ግን አልተቀበሉም። «የጎረቤቴ ልጅ ቀርቷል» አሉኝ። ለካ ኤክሴልን መጀመሪያ ያሳያቸው፣ የላይኛውን መስመር እንዳይንቀሳቀስ እንዴት እንደሚያስሩት ያስተማራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስሙ ካልገባ አልፈርምም አሉ። ወረቀቱን እንደገና እየጻፍነው ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ አማካሪ
ከአዳማ